ግልጽ ደብዳቤ፦ ከእርከኑ ርዝመት ጋር የቀረው አፈርም ይለካልን

በጎጃም ለምትገኙ የዞን ግብርና መምሪያ ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጥር ሲገባ የጎጃም ገበሬ ዶማና አካፋውን ይዞ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። ጉልበቱን የሚሰጠው በነጻ ነው። ዘመቻው ሲያልቅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ፣ ይህን ያህል ሕዝብ ተሳተፈ ተብሎ ሪፖርት ይቀርባል። አፈሩ ማሳው ላይ ቀረ ወይስ ወደ ዓባይ ወረደ? ለዚህ መልስ የሚሰጥ የውጤት ግምገማ እንድታቅዱልን እለምናችኋለሁ፤ ዕቅዱም ከዘመቻው ይቅደም።

እርከን ከመሠራቱ በፊት የማሳው ምርትና የቦረቦሩ ጥልቀት ካልተመዘገበ፣ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ገምጋሚ ከምን ጋር ያነጻጽራል? ተዳፋቱና አፈሩ ተመሳሳይ ሆኖ ሥራው ያልደረሰበት ጎረቤት ተፋሰስም አብሮ ይታይ። አለዚያ ዝናቡ በተመቸበት ዓመት የመጣውን ምርት እርከኑ ያመጣው ይመስለናል።

ይህ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ደምበጫ አካባቢ በሚገኘው የአንጀኒ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. በ1984 ዝናቡን፣ የወንዙን ፍሰትና ውኃው ይዞት የሚወርደውን ደለል መለካት ተጀመረ፤ ፋንያ ጁ የተባለው፣ ከቦዩ የወጣው አፈር ወደ ላይኛው በኩል የሚከመርበት እርከን የተሠራው ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ልኬቱ ስለቀደመ በፊትና በኋላውን ማስተያየት ተቻለ። በየወረዳው እንዲህ ያለ ጣቢያ ይከፈት አልልም። በጥቂት ተፋሰሶች መውጫ ላይ ግን ክረምቱን ሙሉ ውኃውን በጠርሙስ እየቀዱ፣ ደለሉን አጥልሎና አድርቆ መመዘን ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ገበሬው ይጠየቅ። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ፣ ማስወገጃ ቦይ የሌለው እርከን ከበላዩ ውኃ ያቁርና ሰብሉን ቢጫ ያደርገዋል። እርከኖቹ ሲቀራረቡ በሬ ማዞር ጭንቅ ነው። አይጡም እዚያው ይራባል። ማሳው ሩብ ሄክታር ለሆነ ሰው ደግሞ እርከኑ የሚይዘው መሬት ቀላል አይደለም። እርከኑን አርሶ ያፈረሰ ገበሬ «ግንዛቤ ጎድሎት ነው» ይባላል፤ ማሳው ዳር ቆሞ ምክንያቱን የሚሰማው ግን ጥቂት ነው። እኔ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ለቀጣዩ ዘመቻ የሚጠቅመው ዕውቀት ያለው እሱ ዘንድ ነውና። በሬ ተከራይተው የሚያሳርሱ እማወራዎችም ለብቻቸው ይጠየቁ፤ በስብሰባ ላይ ብዙ አይናገሩም።

ኪሎ ሜትሩን የቆጠረው ሠራተኛ ገምጋሚ አይሁን፤ የሥራ ውጤቱ የሚሞላው በዚያው ቁጥር ነውና እውነቱን ጻፍ ማለት እሱንም ማስጨነቅ ነው። ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሙያተኛ ይጋበዝ። ግምገማው የትኛውን ውሳኔ እንደሚያግዝም አስቀድማችሁ ወስኑ፦ የእርከኑን ዓይነት መቀየር ነው? ልቅ ግጦሽን ማስቆም ነው? ወይስ አዲስ ከመሥራት የፈረሰውን መጠገን? ውጤቱ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ሳይጸድቅ በቀበሌው ጉባኤ ይነበብ።

የመነሻ መረጃው በኅዳር፣ ሰብሉ ሳይታጨድ ቢሰበሰብ ምርቱንም አብሮ መመዘን ይቻላልና ባለሙያዎቻችሁን ከወዲሁ መድቡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጎጃም ነዋሪ