የጫማ ካርቶኑ ትዝ ብሎኝ

ውድ እህቴ፣

«ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ጀምሬ ሳነበው ሳቄ መጣ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ድምፄን አጥፍቼ በዚህ በር ልግባ? እማማ ያረፉ ሰሞን ሁለት ጊዜ ደውዬ አጣሁሽ፤ ሦስተኛውን ነገ ነገ እያልኩ ወር አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ እፍረቱ ስልኩን ከእጄ ያስጥለኝ ጀመር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

ዛሬ ግን የማማክረው ሰው ሳስብ ካንቺ በቀር ማንም አልመጣልኝም፤ ነገሩ የወፍ ነገር ነውና። ሚጣ፣ ያቺ ባለፈው ስታያት የፊት ጥርሷ የወለቀው፣ አሁን 11 ዓመቷ ነው። ወፍ ግዙልኝ ብላ ከመስከረም ጀምሮ ወጥራ ይዛናለች። አባቷ «ሳምንት ሳይሞላት ይሰለቻታል» ብሎ ዘጋው። እኔ አፌን ሞልቼ እምቢ ማለት አቃተኝ። የጫማ ካርቶኑ ትዝ አለኝ።

ታስታውሻለሽ አይደል? ከጣሪያችሁ ሥር የወደቀችው የእርግብ ጫጩት። በጫማ ካርቶን አስተኝተን፣ እንጀራ በወተት እያራስን በግድ አጎረስናት፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደርቃ አገኘናት። እኔ «ሌሊት ሳትሸፍኛት ነው» አልኩሽ፣ አንቺ «ውኃ ረስተሽባት ነው» አልሽኝ፣ ሳምንት ሙሉ ተኳረፍን። በቀደም ስለ ወፍ ሳነብ ምን ባገኝ ጥሩ ነው! ወተት ለወፍ ሆድ አይስማማም። የእርግብ ጫጩት የምትመገበው እናትም አባትም ከጉሯቸው የሚያወጡላትን እርጎ መሳይ ነገር ነው። ስለዚህ ጥፋቱ እኩል ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ቢሆን እርቅ ይውረድ።

ወደ ሚጣ ልመለስ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለሁለት ሳምንት ስትሄድ ወፏን እኛ ጋ አስቀመጠችው። ባጂ ይሉታል፤ ዘሩ ከአውስትራሊያ የሆነ ትንሽዬ በቀቀን ነው፣ ሚዛኑ ከአንድ እንቁላል ያንሳል። ከመንቁሩ በላይ ያለው ቆዳ ሰማያዊ ነው፣ ወንድ መሆኑ በዚያ ታወቀ። ሚጣ በመጀመሪያው ቀን «ሰላም» እንዲላት ነበር የጠበቀችው። እሱ ሦስት ቀን ሙሉ ከሽቦው ቤት ጥግ ተለጥፎ ዋለ። እጇን ስታስገባ ነከሳት። «ጠልቶኛል» ብላ አለቀሰች፤ አባቷ «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን አየኝ።

በአራተኛው ቀን ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ በኮሪደሩ ሳይ፣ ወንበሯን ከሽቦው ቤት አጠገብ አድርጋ፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ የቤት ሥራዋን ጮክ ብላ ታነባለች። ስለ ወንዞች ነበር። ዞር ብላ እንዳታየው አንገቷን አግታ ነው የተቀመጠችው። እንዲህ አድርጊ ያላት ሰው የለም። በስድስተኛው ቀን ባጂው ከጥጉ ወርዶ እሷ ያለችበት ጎን ካለው እንጨት ላይ ቆሞ ላባውን ያበጥራል። እሷ ግን አሁንም አላየችውም። እኔ መሄዴን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ፣ አውቶቡሱም አመለጠኝ።

ደግሞ ሁሉም ማር አልነበረም። በዘጠነኛው ቀን ውኃውን ረሳችው። እኔ የማልሠራበት ሌሊት ነበር፤ ከመኝታዬ መጥታ «እማ፣ ውኃው ውስጥ ኩሱ ገብቶበታል፣ ጠዋት አልቀየርኩም። አሁን ሽፋኑን ብገልጠው ይደነግጣል? ወይስ እስኪነጋ ልተወው?» አለችኝ። ተነስተን አብረን ቀየርነው። እኔና አንቺ በዚያ ዕድሜ «እኔ ነኝ የረሳሁት» ማለት ይቅርና በካርቶኑ ላይ ስንት ውሸት እንደደረደርን አንቺም ታውቂዋለሽ።

እንግዲህ ልጅቷን እየመዘንኩ ቆይቼ ሚዛኑ ወደ ቤቱ ዞረብኝ። ወፍ ስትተነፍስ አየሩ ወደ ውስጥ ሲገባም ሲወጣም በሳንባዋ ያልፋል፣ በሰውነቷ ውስጥ አየር የሚይዙ ከረጢቶች አሏት። ስለዚህ መርዙም ከኛ ቀድሞ ይደርሳታል። እንግሊዞች ከሰል ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ ካናሪ ወፍ ይዘው ይወርዱ የነበረው ለዚህ ነው፤ የተዉት በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። አሁን የኔን ቤት አስቢ! እሑድ ቡና እቆላለሁ፣ ዕጣን አጨሳለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣዴ የማያጣብቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ቅብ ከልክ በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። አቮካዶ ይመርዛቸዋል፣ እኛ ደግሞ ጭማቂው የማይቀርበት ቤት ነን። ለእንቅልፍ ከ10 እስከ 12 ሰዓት የሚረዝም ጨለማና ጸጥታ ይፈልጋሉ፣ የባሌ ቴሌቪዥን ግን እኩለ ሌሊት ድረስ ያወራል። እሑድ ዕለት ብረት ምጣዱን ሳነሳ ሚጣ ቃል ሳትናገር የሽቦውን ቤት አቅፋ መኝታ ቤት ገባች፤ በበሩ ሥር ፎጣ ስትወትፍ ሰማሁ። ቡናውን ቆላሁት፣ ግን እንደ ልማዴ ጭሱን ለማሽተት ለማንም አላዞርኩም።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ባጂ በደንብ ከተያዘ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይኖራል፣ ከዚያ የሚዘልቅም አለ። ልጅቷ በ18 ዓመቷ ኮሌጅ ገብታ ትሄዳለች። የቀረውን ዘመን ውኃ የምቀይረው እኔ ነኝ። አባቷ በቀደም ሐሳቡን ለውጦ «ከገዛን አይቀር የሚያወራውን ግራጫ በቀቀን እንግዛ» ሲለኝ፣ እሱ 40ና 50 ዓመት የሚኖር ነው ብዬ ዝም አሰኘሁት፤ ለልጅ ልጅ የሚናዘዙት ወፍ ምን ያደርግልኛል? ደግሞ ወፍ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ላባዋን ነፍታ ወለል ላይ ስትቀመጥ ነገሩ ብዙ ርቋል። የወፍ ሐኪም እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዙሪያ ቢገኝም ኪስ ያራቁታል።

ባጂው ወደ ባለቤቱ ከተመለሰ ሦስት ሳምንት ሆነው። ሚጣ አላለቀሰችም፤ ግን የተቀመጠበትን ጠረጴዛ ላይ ማንም ዕቃ እንዲያስቀምጥ አትፈቅድም። መልሱን እስከ ፋሲካ እነግርሻለሁ ብያታለሁ። ምጣዱን መለወጥ እችላለሁ። ቡናውን በረንዳ ላይ እቆላለሁ ብዬ ነበር፣ በዚህ ብርድ ግን ጎረቤት ያበደች ይለኛል። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያታለሽ? እውነቱን ንገሪኝ፣ እኔን ለማስደሰት አትበይ።

ሌላም ልጠይቅሽ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጥድ ላይ ፍሬ የሚለቅሙት አረንጓዴ ትንንሽ በቀቀኖች፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ የሆነው፣ አሁንም ይመጣሉ? ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ በዱር የትም አይገኙም፤ እኛ ግን በድንጋይ ነበር የምናባርራቸው። ካሉ በስልክሽ ቅረጪና ላኪልኝ፣ ሚጣ ሽቦ የሌለበትን ትይ። ቁጥሬ ያው ነው። ደሴ አሥር ሰዓት ሲሆን እኔ ከሌሊት ሥራ ገብቼ ሻይ የማፈላበት ሰዓት ነው፤ ያኔ ደውዪ።

ያንቺው