ይድረስ ለጤና ሚኒስትሩ፦ ሰው ከመፈረሙ በፊት ይግባው

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ በግል ብልክልዎት መዝገብ ቤት ገብቶ ይቀራል ብዬ ስለሰጋሁ ሁሉም እያየው ልጽፍልዎት መረጥኩ። ጉዳዬ አንድ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ለክሊኒካል ሙከራ (ሕክምና በሰው ላይ ለሚፈተሽበት ጥናት) በጎ ፈቃደኛ ሲፈልጉ የሚለጥፉት ማስታወቂያና የሚያስፈርሙት ቅጽ ለሚፈርመው ሰው ታስቦ አልተጻፈም። ሐኪም ለሐኪም የጻፈው ነው የሚመስለው። ይህን ማስተካከል ደግሞ በእርስዎ እጅ ነው።

አክስቴ የቆየ ሕመም አለባት። የምትታከምበት ሆስፒታል (ስሙን ልተወው) በአንድ ሙከራ እንድትሳተፍ ጠይቋት ወረቀቱን ይዛ መጣች። «እስቲ ልጄ አንብብልኝ፣ ምን እንደሚሉኝ አልገባኝም» አለችኝ። አነበብኩ። የመጀመሪያው ገጽ ስለ ዩኒቨርሲቲው፣ ስለ ገንዘብ ሰጪውና ስለ ጥናቱ ረጅም ርዕስ ነው። ሁለተኛው ከዚህ በፊት ስለተሠሩ ጥናቶች ያወራል። እሷ ማወቅ የፈለገችው ግን አሁን የምትውጠውን መድኃኒት ታቁም ወይስ ትቀጥል የሚለውን ነበር። መልሱ አለ። ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ የደም ናሙና እንዴት እንደሚቀመጥ በሚያብራራ አንቀጽ ውስጥ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተወሽቆ። የፊርማው ቦታ ግን ከሩቅ ይታያል።

የባሰው ሌላ ነው። አክስቴ ሐኪሟ ለሷ የሚስማማትን መድኃኒት መርጦ ሊሰጣት እንደሆነ ነበር ያመነችው። የሚደርሳት መድኃኒት የሚለየው በዕጣ መሆኑን ስነግራት ደነገጠች። «ሐኪሙም አያውቅም?» አለች። አዎ፣ እንዲህ ባለ ሙከራ እሱም የትኛው እንደደረሳት አያውቅም፤ ሆን ተብሎ ነው እንዳያውቅ የሚደረገው። ይህ ግራ መጋባት የአክስቴ ብቻ እንዳይመስልዎት። የምርምር ሥነ ምግባር ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያውቁታል፣ ስምም አውጥተውለታል። ሕክምና ላይ ሐኪሙ የሚያስበው ፊቱ ስለተቀመጠው ታካሚ ነው። ሙከራ ላይ ግን ዋናው ዓላማ ለነገ ሕሙማን የሚሆን እውቀት ማግኘት ነው፤ የሚሳተፈው ሰው ሊጠቀምም ላይጠቀምም ይችላል። ይህ ልዩነት የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ በትልቁ ካልተጻፈ የት ሊጻፍ ነው?

ዕጣው ራሱ ክፋት የለውም፣ ይህን አክስቴም ሲብራራላት ተቀብላዋለች። ሐኪሙ ይምረጥ ቢባል ጠንከር ላሉት አዲሱን፣ ለደከሙት የተለመደውን ሊሰጥ ይችላል፣ ከዚያ አዲሱን የወሰዱት ሲሻላቸው መድኃኒቱ ይሁን የሰዎቹ ጥንካሬ ማን ይለየዋል? ዕጣ ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይዘርና ባዮንቴክ የኮቪድ ክትባት ሲሞከር ከ43 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ለግማሾቹ ክትባቱ፣ ለግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት የጨው ውሃ ተወጋ። ሪፖርቱ ሲወጣ ከቆጠሯቸው 170 ሕሙማን ውስጥ 162ቱ የጨው ውሃ የተወጉት ናቸው፣ 8ቱ ብቻ ክትባቱን የወሰዱ። በቃ። ይህን ለማንም ሰው በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ይቻላል፣ የስታቲስቲክስ ቀመር ምናምን አያስፈልገውም።

የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዓመት በመጋቢት የጀመረውን ሪከቨሪ የተባለ ሙከራም ያስታውሱ ይሆናል። ዴክሳሜታሶን የሚባል የቆየና ርካሽ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ከነበሩት የኮቪድ ሕሙማን ሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ ያሳየው እሱ ነው። ዓለም ሁሉ ሲሻማበት የነበረው ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለ መድኃኒትም ሆስፒታል ለተኙ ሕሙማን እንዳልጠቀመ ያወቅነው ከዚሁ ሙከራ ነው። ሁለቱም የታወቁት በዚያ ጭንቅ ጊዜ እሺ ባሉ ሰዎች ነው። ስለዚህ ሙከራ ይቅር የሚል ሰው አይደለሁም፤ እንዲያውም ብዙ ሰው ቢገባበት ደስ ይለኛል።

ወደ ማስታወቂያው ልመለስ። «አዲስ ሕክምና» ይላል፣ ስልክ ቁጥር ይሰጣል፣ አለቀ። ሙከራው ምን ደረጃ ላይ እንደሆነ አይነገርም። ይህ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 100 በሚሆኑ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜም በጤነኞች ላይ ይካሄዳል፤ የሚጠየቀው መድኃኒቱ ያድናል ወይ አይደለም፣ ሰውነት ይችለዋል ወይ፣ ምን ያህሉ ይበቃል ነው። ሁለተኛው በሕሙማን ላይ፣ ይሠራ እንደሆነ ለማየት። ሦስተኛው በመቶዎችና በሺዎች ላይ፣ ካለው ሕክምና ጋር እያነጻጸሩ። መጀመሪያው ላይ የሚገባ ሰውና ሦስተኛው ላይ የሚገባ ሰው የሚወስዱት አደጋ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 ለንደን ውስጥ አንድ የግል ድርጅት ባካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ስድስት ጤነኛ ወጣቶች ቲጂኤን1412 የተባለውን መድኃኒት በደቂቃዎች ልዩነት ተራ በተራ ተወጉ። ብዙም ሳይቆይ ስድስቱም በጠና ታመው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ሁሉም ተርፈዋል፣ ግን ከዚያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ በሚሞከር መድኃኒት ለአንድ ሰው አስቀድሞ ሰጥቶ መጠበቅ የሚል ጥንቃቄ በአውሮፓ መመሪያ ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለው ሁልጊዜ አይከሰትም፣ ብርቅ ነው። ሊሆን እንደሚችል ግን የሚፈርመው ሰው በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። አክስቴን እንድትሳተፍ የጠየቃት ለዓመታት ሲያክማት የኖረው ሐኪሟ ነው። እምቢ ብትል ይከፋው ይሆን? ቀጠሮዋ ይራዘምባት ይሆን? ማንም አላስፈራራትም፣ ፍርሃቱ ግን ነበረባት። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣውና ከዚያ ወዲህ የተሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫ፣ ሐኪሞች በሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር ያወጡት የሥነ ምግባር መርህ፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ፈቃዱን ከሁለቱ ግንኙነት ውጭ የሆነ ሌላ ባለሙያ ይጠይቅ ይላል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ታሪክ አለ። አሜሪካ ውስጥ በተስኪጊ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ወደ 600 በሚጠጉ ጥቁር ወንዶች ላይ ጥናት ሲካሄድ ቂጥኝ የነበረባቸው ሰዎች እንደሚታከሙ እየተነገራቸው፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላ እንኳ ሳይሰጣቸው ቀርቷል። ያ ዛሬ ይደገማል እያልኩ አይደለም። ሰው ሐኪሙን ማመኑ ምን ያህል ሊያስዋጠው እንደሚችል ግን ያሳያል።

አክስቴ በመጨረሻ ፈረመች። ጥያቄዎቿን በወረቀት ጽፈን ሄድን፣ የጥናቱ ነርስ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ መለሰችላት። የድሮውን መድኃኒት አታቁሚ። በዕጣ ነው፣ ማስመሰያው (መድኃኒት የሌለበት) ሊደርስሽ ይችላል። ደም የምንወስደው በየወሩ ነው። ራስሽን ካዞረሽ ሌሊትም ቢሆን በዚህ ስልክ ደውዪ። በፈለግሽ ቀን ልትተይው ትችያለሽ፣ ሕክምናሽ አይቋረጥም። ያቺ ነርስ በአፏ ያለችው ቅጹ ላይ ተጽፎ ቢሆን ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር።

ስለዚህ የምጠይቅዎት ይኸው። አንድ መመሪያ ያውጡ። የስምምነት ቅጽ ሁሉ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሰው ለመወሰን የሚያስፈልገውን በአጭሩ ይያዝ፦ ምን ይሰጠኛል፣ ምን ሊጎዳኝ ይችላል፣ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ፣ ብጎዳ ማን ያሳክመኛል፣ የትራንስፖርቴን ማን ይከፍላል፣ ብተወው ምን ይሆናል። አሜሪካኖች አሻሽለው ባወጡት የምርምር ደንባቸው ቅጹ ለመወሰን በሚያስፈልገው ቁልፍ መረጃ እንዲጀምር አስገድደዋል፣ ስለዚህ የማይቻል ነገር አልጠየቅኩም። ማስታወቂያውም የሙከራውን ደረጃ ይናገር። ሥነ ምግባር ገምጋሚው ኮሚቴ ቅጹን ከማጽደቁ በፊት ከጤና ሙያ ውጭ ያለ ሰው አንብቦት በራሱ አፍ መልሶ ይንገራቸው፤ ካልቻለ ቅጹ ተመልሶ ይጻፍ። ታካሚን የሚያስፈርመው የራሱ ሐኪም አይሁን። ሙከራው ሲያልቅ ደግሞ ውጤቱን ለተሳተፉት ሰዎች፣ ባይሳካም እንኳ፣ በሚገባቸው ቋንቋ ይንገሯቸው። የአውሮፓ ኅብረት ውጤቱ ለተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ ተጠቃሎ በይፋ እንዲወጣ በሕግ አስገድዷል። ሰው ደሙን ሰጥቶ፣ ዓመት ሙሉ ተመላልሶ፣ ውጤቱን ሳይሰማ መቅረቱ ነውር ነው።

ተመራማሪዎቹ ቅጹ የሚረዝመው የሕግ ክፍሉ ስለሚያስጨንቃቸው ነው ይሉዎት ይሆናል። እውነት ነው፣ ሰምቻለሁ። የሕግ ክፍሉ የሚፈልገው ከኋላ ይቀመጥ፣ ማንም አይከለክልም። ፊት ገጹን ግን ለፈራሚው ይተዉለት።

መልስዎን እንደኔው በአደባባይ ቢሰጡን ደስ ይለኛል፤ ቅጽ ይዘው ቤታቸው የተቀመጡ ሌሎች ሰዎችም ስላሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ታካሚ የወንድም ልጅ