እማዬ፣ ዶክተር አይደለሁም

ባሕር ዳር፣ ግንቦት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ዘጌ።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ሻል አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ ነው የምጽፍልሽ። ደብዳቤውን ነገ ጠዋት ወደ ዘጌ በሚሻገረው ጀልባ እልከዋለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ታንብብልሽ፤ ቀስ ብላ ግን።

ከትናንት ወዲያ በስልክ «የነርሶች ቀን ነው ሲሉ በሬዲዮ ሰማሁ፤ መንግሥት ምን ሸለማችሁ?» አልሽኝ። መልሱን ስጀምር ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ሻማ አብርተናል፣ ኬክ ተቆርሷል። ለሦስት ጓደኞቼ የምስክር ወረቀት ተሰጥቷል። ይገባቸዋል፤ እጄ እስኪቃጠል አጨብጭቤአለሁ። የዚያኑ ማታ ግን ተረኛ ነበርኩ። በሕፃናት ክፍል ለሠላሳ ሁለት አልጋ ሁለት ነርስ ነበርን።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሕፃን በተቅማጥ ደርቆ መጣ። ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ሲያለቅስ እንባ የለውም። ጓንት ቀድጄ ክንዱን አሰርኩ። ባልደረባዬ በስልኳ መብራት አበራችልኝ። የደም ሥሩ ከክር ይቀጥናል። ሁለት ጊዜ ሳትኩ። በሦስተኛው ካኑላው፣ ማለትም ደም ሥር ውስጥ የምትገባው ቀጭን ቱቦ፣ ውስጥ ደም ብልጭ ሲል እናቱ «እሰይ!» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች። በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ሳልሰቅል ከወዲያኛው ጥግ «ዶክተር! ዶክተር!» የሚል ጩኸት መጣ። የሌላ ልጅ ኦክስጅን አልቋል።

እማዬ፣ ይህ «ዶክተር» የሚሉት ነገር አንቺንም ይመለከታል። ሴቷን ነርስ «ሲስተር» ይሏታል። ለእኛ ለወንዶቹ ግን የሚሉን ስም የላቸውም፤ ነጭ ጋዎን ካዩ ዶክተር ነው። አንቺም ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ልጄ ዶክተር ነው» እንደምትዪ እሰማለሁ። ኮርተሽብኝ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ነርስነት ዶክተር መሆን ያቃተው ሰው የሚገባበት ሥራ አይደለም። የጃንሆይ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ለንደን ሳለች ነርስነት ነው የተማረችው። ከድል በኋላ አገሯ ገብታ በ1934 ዓ.ም. በ22 ዓመቷ አረፈች። በስሟ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠራላት። የንጉሥ ልጅ ያላፈረችበትን ሥራ እኔ ስሙን ልቀይረው?

ደግሞ አባዬ በተኛ ጊዜ የነበረችውን ሲስተር አስቢያት። ሁለት ወር ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጠው ነበር። ጀርባው አንዲት ቁስል ሳያይ ነው የሄደው። አንቺ የጓሯችንን ቡና ቆልተሽ ወሰድሽላት። አልቀበልም ብላ ስታበቃ ተቀብላሽ አለቀሰች። እኔ ያን ቀን በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ነርስ የሆንኩት ለዚያ ነው። ያን ሥራዋን ግን የመዘገበላት ወረቀት የለም።

መንግሥት ምንም አላደረገም ማለቴ አይደለም። መስከረም ላይ ደመወዝ ተሻሽሏል። በዲግሪ ለሚጀምር ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። እኔንም ረድቶኛል፤ የቤት ኪራዩ ወዲያው ተከትሎ ባይወጣ ደግሞ የበለጠ። አምና ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያው የደመወዝ ጥያቄ ይዞ ሲነሳ ስንት ሌሊት እንዳልተኛሽ አውቃለሁ። ጥያቄው ግን የአመፀኛ ጥያቄ አልነበረም። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው ዲዩቲው፣ ማለትም የተረኝነት ክፍያው፣ ሁለትና ሦስት ወር ሲዘገይበት ለቤት አከራዩ ምን ይበል?

ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አብሮኝ የተመረቀ ልጅ እዚሁ ባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳል። ጎበዝ ነበር፤ ካኑላ ሲያስገባ እጁ አይስትም። ሥራ ሲጠይቅ «መደብ የለም፣ በጀት የለም» ይሉታል። እኔ ለሁለት ሆኜ ሠላሳ ሁለት ሕፃን ይዤ አድራለሁ፣ እሱ ከጣና ዳር እስከ ገበያ ሰው ያመላልሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 5.8 ሚሊዮን ነርስ ይጎድላል ይላል። እኛ ያለንን እንኳ ወደ ክፍሉ አላስገባንም። ሌላዋ ባልደረባዬ ደግሞ ፓስፖርት አውጥታ የዓረብ አገር ቪዛ እየጠበቀች ነው። ልከለክላት አፍ የለኝም።

ስለዚህ ምን እንዲሸልሙን እንደምፈልግ ልንገርሽ። ሦስተኛ ነርስ በሌሊት። የማያልቅ ጓንት። በወሩ የሚገባ ዲዩቲ። ይህ ከሆነ ኬኩ ቢቀር ቅር አይለኝም።

ከአንቺም አንድ ነገር እለምናለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ልጅሽ ምን ሆነልሽ?» ሲሉሽ «ነርስ ነው» በያቸው። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ።

ለጉልበትሽ ቅባት በጀልባው ልኬያለሁ። ማታ ማታ ሙቅ ጨርቅ አድርጊበትና ከዚያ ተቀቢው፤ ዳገቱን ግን ለጊዜው ተዪው። እሑድ እረፍቴ ነው፣ በጠዋቱ ጀልባ እመጣለሁ። ቡና እንዳትጨርሺብኝ።

የሚወድሽ ልጅሽ