ቢዮንሴ ባታሸንፍ እመርጥ ነበር፤ ግን እናንተ ባላችሁት ምክንያት አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ስለ ግራሚ የካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) አልበም ሽልማት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያነበብኩት ነዳጅ ልቀዳ በቆምኩበት ነው። የምኖረው የካንትሪ መናኸሪያ በሆነችው ናሽቪል ነው፤ ሥራዬ ትራክ መንዳት። ሕጉ ከእረፍት እስከ እረፍት 11 ሰዓት እንድነዳ ይፈቅድልኛል። 11 ሰዓት ደግሞ ብዙ አልበም ያስጨርሳል። ስለዚህ ጸሐፊያችሁ በሁለት መስመር ያለፏቸውን አልበሞች እኔ ከዳር እስከ ዳር፣ ያውም ደጋግሜ ሰምቻቸዋለሁ።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የቢዮንሴ ‹‹ካውቦይ ካርተር›› ማሸነፍ አልነበረበትም፤ ምክንያቱም ካንትሪ አይደለም። በመጀመሪያው እስማማለሁ። በሁለተኛው ግን በጭራሽ።

ለመሆኑ የካንትሪ መለያ የሆነው ባለክሩ መሣሪያ ባንጆ ከየት መጣ? በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ቅል ላይ ቆዳ ወጥረው፣ ክር ገጥመው የሚመቱትን መሣሪያ በባዕድ ምድር እንደገና ሠሩት። ክራርና ማሲንቆ እያየ ላደገ ሰው ይህ ለመገመት አይከብድም። ቢዮንሴ አልበሟ ላይ ባንጆ ያስመታችው ሪያነን ጊደንስን ነው፤ ይህንኑ ታሪክ ስታስተምር የኖረች ሙዚቀኛ ናት። ሊንዳ ማርቴልም አለችበት። በ1969 ግራንድ ኦል ኦፕሪ በሚባለው የናሽቪል ስመ ጥር የካንትሪ መድረክ ላይ ለብቻዋ የዘፈነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። የካንትሪ አንጋፋዎቹ ዊሊ ኔልሰንና ዶሊ ፓርተንም ድምፃቸው ይሰማል። የአልበሙ ባለቤት ቢዮንሴ ራሷ የቴክሳስ፣ የሂውስተን ልጅ። ከዚህ በላይ ምን ታምጣ?

ደግሞ ይህ ጥያቄ ለምን ለእሷ ብቻ? ለዚሁ ሽልማት አብራት የታጨችውን ኬሲ መስግሬቭስን እንውሰድ። ‹‹ዲፐር ዌል›› ኒውዮርክ፣ ጂሚ ሄንድሪክስ ባሠራው ስቱዲዮ የተቀረጸ ነው። ቦክስ ጊታር ይዛ በለሆሳስ የምታወራ የሚመስል፣ ለፎክ የቀረበ ሥራ። እሁድ ጠዋት ቡና እየፈላ ቢሰማ ደስ ይላል። ‹‹ካንትሪ አይደለችም›› ብሎ የጮኸባት ግን አልሰማሁም። ፖስት ማሎን በራፕ የታወቀ ልጅ ነው። ‹‹ኤፍ-1 ትሪሊየን››ን ይዞ ሲመጣ ናሽቪል እልል ብላ ተቀበለችው። ከ18ቱ ዘፈኖች 15ቱን የሠራው ከሌሎች ጋር ነው፤ አብዛኞቹ የዚሁ ሰፈር ስመ ጥሮች ናቸው። የሚያስቀኝ ነገር፣ ለሽልማቱ አብረውት ከታጩት መካከል ክሪስ ስቴፕልተንና ሌኒ ዊልሰን እዚያው አልበም ላይ አብረውት ዘፍነዋል። ሠርግ ነው የሚመስለው፤ ሙሽራው ግን በእንግዳ ብዛት አይታይም። ያም ሆኖ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር በ2024 ሽልማቱ ፖስት ማሎንን ሲያጭ ለቢዮንሴ አንድም እጩነት አልሰጣትም። ያቺ ነገር እስካሁን ታናድደኛለች።

አሁን ወደምስማማበት ልምጣ። ‹‹ካውቦይ ካርተር›› 27 ሥራዎች አሉት፤ አንዳንዱ አጭር መሸጋገሪያ ነው። መጀመሪያው ያዝ ያደርጋል። እየቆየ ግን ሁሉንም ልነካካ ይላል፤ ሮኩም፣ ራፑም፣ ጭፈራውም ይመጣል። ለዚህ ስፋቱ ‹‹የዓመቱ አልበም›› የሚለውን ትልቁን ሽልማት በዚያው ምሽት ወስዷል፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የካንትሪውን ግን እኔ ብሆን ለስቴፕልተን ‹‹ሃየር›› እሰጥ ነበር።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። አንድ ሌሊት ሜምፊስን አልፌ አርካንሶ ስገባ ከፈትኩት። ትርፍ ነገር የለውም። ጊታር፣ ከበሮ፣ ያ የሻከረ ድምፅ፣ ከኋላ ደግሞ ሚስቱ ሞርጋን በስሱ ታጅበዋለች። ሰውዬው ሲጮህ አይጨነቅም፣ ሲለሰልስም አይለማመጥም። ሙዚቃ የሚያስተምር ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ጊታር አንስቶ አሳይቶኛል፤ የእኛ ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆችና ብዙ የካንትሪ ዜማዎች የሚመላለሱባቸው አምስት ድምፆች አንድ ናቸው። እንግዲህ እንቅልፌን የነሳኝ ይኸው ይሆናል።

ሌኒ ዊልሰንን አልረሳኋትም። ከሉዊዚያና ትንሽ መንደር መጥታ ናሽቪል ውስጥ ተጎታች ቤት ውስጥ እየኖረች የጀመረች ልጅ ናት። ‹‹ዊርልዊንድ›› ጥሩ ነው፤ ግን በ2024 ይህንኑ ሽልማት ያስገኘላት የቀድሞው አልበሟ ይበልጥብኛል።

ጸሐፊው መጨረሻ ላይ ከ2026 ጀምሮ የካንትሪ አልበም ሽልማት ‹‹ባህላዊ›› እና ‹‹ዘመናዊ›› ተብሎ ለሁለት መከፈሉን አወድሰዋል። እኔ እንጃ። ባህላዊና ዘመናዊ የሚለው አጥር እኛም ሙዚቃ ውስጥ ስንት ጭቅጭቅ እንዳመጣ ሳያውቁት አይቀሩም። ‹‹ሃየር››ን የትኛው ሳጥን ውስጥ ትከቱታላችሁ? ‹‹ዲፐር ዌል››ንስ?

በሚቀጥለው ስትጽፉ ግን የታጩትን አምስቱንም አልበም አድምጡልን። ጊዜ ካጣችሁ ሰኞ ሌሊት ወደ ዳላስ እወጣለሁ፤ ጋቢና አንድ ወንበር ባዶ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ትራክ ነጂው አንባቢያችሁ፣ ከናሽቪል