ለሃሎዊን ምሽት ልጆች ለምታወጡ

ውድ አባላት፣

ኦክቶበር 31 በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ነው። ልጆቻችን የሃሎዊን ልብስ ለብሰው ከረሜላ ለመሰብሰብ ከበር በር የሚዞሩት ሰው ከሥራ እየነዳ በሚመለስበት ድንግዝግዝ ነውና በልብሳቸው ጀርባና በከረሜላ መያዣቸው ላይ አንጸባራቂ ቴፕ ለጥፉላቸው። ጭምብል የጎን እይታን ስለሚከልል የፊት ቀለም ይሻላል። ቀለሙን ግን ከአንድ ቀን በፊት ክንዳቸው ላይ ሞክሩት፤ ከቀላ ይቅር።

ሀበሻ ቀሚስ ለማልበስ ላሰባችሁ፦ ጫፉ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይሁን፣ ነጠላው ደግሞ ቤት ይቅር። ደጃፍ ላይ በዱባ ውስጥ የሚበራ ሻማ የነጠላውን ዘርፍ ከነካው ስስ ጥጥ በቅጽበት ይያያዛል። በራሳችሁ ደጃፍም ከሻማ ይልቅ የባትሪ መብራት አድርጉ።

ከረሜላው ቤት ገብቶ ሳይታይ አይበላ። የተከፈተውን ጣሉ። ከ4 ዓመት በታች ላሉት ጠንካራ ከረሜላና ኦቾሎኒ አትስጡ፣ ያንቃቸዋል። የምግብ አለርጂ ያለበት ልጅ ካላችሁ፣ ትንንሾቹ ቸኮሌቶች ከትልልቆቹ የተለየ ይዘት ሊኖራቸው ስለሚችል የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ጽሑፍ ከሌለው ይቅርባችሁ።

ለእነዚህ ልጆች ብላችሁ አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ የተቀባ ዱባ በር ላይ አስቀምጡ፤ የማይበላ ስጦታ አለ ማለት ነው። እርሳስ፣ ተለጣፊ ምስልና ትንሽ ኳስ በሌላ ሳህን ያዙ፣ ከከረሜላው ጋር አትቀላቅሉ። በቡሄ ሙልሙል ስንሰጥ ማንም ልጅ ባዶ እጁን አይመለስም ነበር፤ እዚህም አይመለስ።