ለድንኳን የሚለቀቅ ግቢ ለልጅ ለምን ይከለከላል?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይሄ ደብዳቤ ስለ ፖለቲካ አይደለም። ስለ ኑሮ ውድነትም አይደለም፤ እሱን እናንተም በየሳምንቱ ትጽፉታላችሁ፣ እኛም በየቀኑ እንኖረዋለን። ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ኮንዶሚኒየም ግቢና ስለ ሁለት ዓመት ልጆች ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ትንሽ አይደለም።

የምንኖረው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሳይት ላይ ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው፣ እንደ አብዛኛው ሰው። ልጄ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። የሁለት ዓመት ልጅ ቤቱ ያለ ሰው ያውቀዋል። ዳዴው ቀርቷል። ድክ ድኩም ቀርቷል። አሁን ያለው ሩጫ ነው፤ ከሳሎን መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ኩሽና፣ ሶፋ ላይ መውጣት፣ ከሶፋ መዝለል፣ ታች ያሉት ጎረቤቶች ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት እስኪያንኳኩ ድረስ። ደረጃ ስንወጣ እጇን መያዝ ክልክል ነው። «ራሴ!» ትላለች። ከያዝኳት ተመልሳ ወርዳ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። እኔ ዘምቢልና ቦርሳ ተሸክሜ ከኋላዋ እጠብቃለሁ፣ ከኋላዬ ደግሞ ከሥራ የደከመው ጎረቤት ይጠብቃል። ሊጥ ሳቦካ እሷም ታቦካለች። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የተባለው እውነት ነው፤ ግማሹ ፀጉሯ ላይ ነው የሚቀረው።

አፏም ተፈቷል። ሁለት ሁለት ቃል ማገጣጠም ጀምራለች፤ «ማሚ ነይ»፣ «ባቢ ሄደ»፣ «ሌላ ውሃ»። ሐኪሞችም በዚህ ዕድሜ የሚጠብቁት ይሄንኑ ነው፤ ሁለት ቃል ማገናኘት፣ መሮጥ፣ ኳስ በእግር መምታት፣ በማንኪያ መብላት። ማንኪያው ላይ ገና ነን፤ ሽሮው ከአፏ ይልቅ ደረቷ ላይ ይበዛል። ፖፖው ላይም ገና ነን። ትቀመጥና ምንም ሳታደርግ ትነሳለች፣ ከዚያ ምንጣፉ ላይ ትለቀዋለች። ለእሱ እንኳ አልቸኩልም፤ የዳይፐር ዋጋ ነው የሚያስቸኩለኝ። «እምቢ» እና «የኔ ነው» የሚሉትን ግን ማንም ሳያስተምራት አጥርታ ነው የምትናገራቸው።

ይቺ ልጅ መሮጫ ትፈልጋለች። ይሄ የእኔ ሐሳብ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የዚህ ዕድሜ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት ይላል። ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው። ቴሌቪዥንና ስልክ ደግሞ ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ እንደሆነ ይላል። አሁን የእናንተን ቤት፣ የጎረቤታችሁን ቤት አስቡት። እኔ የማውቃቸው ቤቶች ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሦስት ሰዓቱ የዩቲዩብ ነው፣ አንድ ሰዓቱ የሩጫ፣ እሱም በሶፋና በቴሌቪዥን ማስቀመጫ መካከል።

እዚህ ላይ ሞግዚቶችን መውቀስ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ሲወቅስም እሰማለሁ። «ስልክ ሰጥታ አስቀመጠቻት» ይባላል። ምን ታድርግ ታዲያ? ምግብ መሥራት አለባት፣ ልብስ ማጠብ አለባት፣ ውሃ በመጣበት ቀን ሮቶውንና ጄሪካኑን መሙላት አለባት፣ ልጅቷን ደግሞ በረንዳ ላይ ብቻዋን መልቀቅ አትችልም። ታች ይዛት ትውረድ ካላችሁ፣ ታች ያለው መኪና ነው። ከወላጆችም የማውቃቸው ሁሉ ያው ናቸው። እኔ ራሴ ከሥራ ስገባ መሽቷል፤ ታክሲ ሰልፉን ለሚያውቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሕጉ እናት ከወለደች በኋላ የምታገኘው የ90 ቀን ፈቃድ ካለቀ ቆይቷል፣ አባትየው ያገኛት 3 ቀንማ ከሆስፒታል እስክንወጣ ነው ያለቀችው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ልጅቷን የሚያውቃት ቤቱና ግቢው ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፤ እሱን ማስፋት አንችልም። ግቢውን ግን እንችላለን።

ግቢያችን ሲሠራ ባዶ ቦታ ነበረው። እነዚህ ቤቶች ሲታሰቡ በብሎኮቹ መካከል ክፍት ቦታ፣ በግ የሚታረድበትና እንጀራ የሚጋገርበት የጋራ መገልገያ ህንፃ ተብሎ ነው የተነደፉት። ያ ክፍት ቦታ ዛሬ ፓርኪንግ ነው። መጀመሪያ የነዋሪው መኪና ቆመበት፣ ቀጥሎ የነዋሪው ዘመድ መኪና፣ አሁን ደግሞ እዚህ የማይኖሩ ሰዎች ጭምር በወር እየከፈሉ ማታ ያሳድሩበታል። ገንዘቡ ለጥበቃ ደመወዝ ይውላል ይባላል። ይዋል፤ አልከራከርም። ልጆቹ ግን የት ሄዱ? ትልልቆቹ ደረጃ ላይ ኩኩሉ ይጫወታሉ፣ ወይ ከግቢ ውጭ አስፋልት ዳር ኳስ ያንከባልላሉ። ትንንሾቹ የሉም። በመስኮት ነው የማያቸው፣ እነሱም በመስኮት ነው የሚያዩን።

«ታዲያ የት ይቁም መኪናው?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እስፖኪዮ የተሰረቀበት ሰው መኪናውን ከመስኮቱ ሥር ማየት ይፈልጋል፣ እኔም ብሆን እፈልጋለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ባለፈው ከእኛ ብሎክ አንዲት እናት ሲያርፉ ድንኳን የተተከለው የት ነበር? እዚያው ግቢ ላይ። መኪናው ሁሉ በአንድ ሌሊት ተነሳ። ማንም «የት ላቁም» አላለም፤ ሁሉም ወጥቶ መንገድ ዳር አቆመ፣ ጥበቃዎቹም እየዞሩ አዩለት። ለሠርግም እንዲሁ ነው። ለልደትም እንዲሁ ነው፤ አሁን አሁን የሁለት ዓመት ልደት እንደ ሠርግ ሆኗል እኮ፣ ፊኛው፣ ዲኮሩ፣ ዲጄው፣ በማይክ «እንኳን ተወለድሽ» መባሉ። ትንሿ ባለ ልደት ግን ድምፁ አስደንግጧት እናቷ አንገት ሥር ተደብቃ ታለቅሳለች። ለዚያ ልደት ግቢው ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ተለቆ ነበር። እና እኔ ያየሁት ምን መሰላችሁ? ኬኩ ተቆርሶ ካለቀ በኋላ ልጆቹ በሙሉ ከድንኳኑ ወጥተው በባዶው ኮብልስቶን ላይ እስኪመሽ ሮጡ። ልጄ ውድቅ አለች፣ ተነሳች፣ እንደገና ውድቅ አለች፣ ጉልበቷ ተላጠ፣ አላለቀሰችም። ያን ቀን ማታ ደግሞ ያለ ምንም እሹሩሩ ተኛች።

ስለዚህ ቦታው አለ። መኪናው ሲፈለግ ይነሳል። የጎደለው ልጅ መጫወቱን እንደ ለቅሶና እንደ ሠርግ ቁምነገር አድርጎ መቁጠር ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ይሄኛው ያስፈራኛል። የሁለት ዓመት ልጅ ቁመት 85 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ትንሿ ቪትዝ እንኳ ወደኋላ ስትሄድ ሹፌሩ ከኋላው የቆመች ልጅ አትታየውም፣ ትልልቆቹንማ ተዉት። የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ግቢያችን የኤሌክትሪክ መኪና እየሞላ ነው። ጭስ የላቸውም፣ ደስ ይላል፤ ግን ሲነሱ ድምፃቸው እምብዛም አይሰማም። ድሮ ሞተር ሲነሳ እኛም ሰምተን ልጅ እንጠራ ነበር። አሁን ዞር ስትል መኪናው እየተንቀሳቀሰ ነው። ልጅ ደግሞ በዚህ ዕድሜ «መኪና መጣ» ስትሏት ለማየት ወደ መኪናው ነው የምትሮጠው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ከተማው ስንት መናፈሻ ተሠርቶለት እዚያ አትወስጃትም ወይ?» ይሉኛል። እወስዳታለሁ። የኮሪደር ልማቱ በሠራቸው ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ላይ እሑድ እሑድ ወስጄ ለቅቄያታለሁ፤ ፏፏቴውን አይታ «ውሃ! ውሃ!» ብላ መንገደኛውን ሁሉ አስቃለች። ወዳጅነት ፓርክም ሄደናል። ጥሩ ነው፣ የሠራውን ሰው አመሰግናለሁ። ግን ልጅ የምትሮጠው በየቀኑ ነው፣ እሑድን አትጠብቅም። ሁለት ታክሲ ይዞ፣ ልጅ አዝሎ፣ ዳይፐርና ጡጦ ተሸክሞ በየቀኑ መናፈሻ የሚሄድ ሠራተኛ ሰው አላውቅም። የሁለት ዓመት ልጅ ቦታ ማለት ጫማ አድርጋ በእግሯ የምትደርስበት ነው። ጫማ ማድረጉ ራሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ያውም ግራና ቀኙን አቀያይራ፣ «ራሴ» እያለች።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ግቢው ሙሉውን ይለቀቅ አላልኩም። በጋራ መገልገያው ህንፃ በኩል ያለችው ማዕዘን፣ ልብስ ከሚሰጣበት ሽቦ እስከ ሮቶዎቹ ድረስ ያለችው ትበቃለች። እሷም ቀኑን ሙሉ አይደለም፤ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት። በዚያ ሰዓት አብዛኛው መኪና ሥራ ላይ ነው። ማታ መኪናው ተመልሶ ይቁም። ሁለት ያረጀ ጎማ በኖራ ቀብቶ በር ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ወጪው ይሄው ነው። ዥዋዥዌና ሸርተቴ አልጠየቅንም። ልጆቹ የሚጫወቱበት ነገር ራሳቸው ያመጣሉ፤ እቃ እቃ ለመጫወት የሀይላንድ ክዳንና ትንሽ አፈር በቂ ነው። በነገራችን ላይ ልጆች በዚህ ዕድሜ አብረው አይጫወቱም፣ ጎን ለጎን ነው የሚጫወቱት። አንዷ አፈር ትዝቃለች፣ ሌላዋ አጠገቧ አፈር ትዝቃለች፣ አይነጋገሩም። ግን አንዷ ስትነሳ ሌላዋም ትነሳለች። አጠገባቸው ሌላ ልጅ ከሌለ ይሄንን ከየት ይማሩታል? ከስልኩ ውስጥ ያለው ልጅ አካፋ አይቀማም፣ «ተራዬ ነው» ብሎም አያስለቅስም።

ለትልልቆቹም ሰዎች ይጠቅማል። እናቴ ከደብረ ማርቆስ መጥታ ሦስተኛው ቀን ላይ ሰለቻት፤ «እዚህ ሰው የት ነው የሚታየው?» አለችኝ። በእሷ ሰፈር ልጅ በር ላይ ከወጣ ሁሉም ይጠብቀዋል፣ ሁሉም ይቆጣዋል፣ ሁሉም ያጎርሰዋል፤ ማጉረሱ ትንሽ ይብዛ እንጂ። ለትንሽ ልጅ ቆሎ የሚሰጥ ሰው አሁንም አለ፣ እባካችሁ አትስጡ፣ ያንቃል። የእኛ ግቢ ግን አንድ ደረጃ እየተጠቀምን ስም የማንተዋወቅበት ነው። እኔ የሦስተኛ ፎቅን ጎረቤት በደንብ ያወቅኳት በዚያ ልደት ቀን ነው፣ ልጆቻችን ሲሮጡ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን።

ኮሚቴው «ሥልጣን የለንም» እንዳይለኝ አዋጁንም አይቼዋለሁ። የጋራ ህንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያ የሆነው ቦታ የቤት ባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ንብረት እንደሆነ፣ የሚያስተዳድረውም የባለቤቶቹ ማኅበር እንደሆነ ይናገራል። ባለ መኪናው ብቻ ነው ባለቤት አይልም። ዋናውን የከተማ መንገድ እንኳ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ተብሎ እሑድ ተዘግቶ ልጆች ብስክሌት ነድተውበታል። የአንድ ግቢ ማዕዘን ከዚያ አይከብድም።

ከጎረቤቶቼ ጋር ፊርማ አሰባስበን ለኮሚቴው አስገብተናል። ከፈረሙት ውስጥ መኪና ያላቸውም አሉበት፣ ልጆቻቸው ያደጉላቸው እናቶችም አሉበት። ያልፈረመም አለ፤ አንድ ጎረቤቴ «ጩኸት ይበዛል» አለኝ፣ እውነቱን ነው ይበዛል። የኮሚቴው መልስ «በጠቅላላ ጉባኤ ይታያል» የሚል ነው። ጉባኤው ደግሞ ሰው አልሞላም እየተባለ ይራዘማል፤ ለኪራይና ለውሃ ጉዳይ ሲሆን የሚሞላው አዳራሽ ለሌላው ባዶ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጋዜጣ በኩል ሁለት ነገር እለምናለሁ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ በተለይ አባቶች፣ የግቢያችሁ ስብሰባ ሲጠራ ሂዱና ይሄንን አንሱት። እንዲህ ያለ ቦታ ለልጆች ያስለቀቃችሁ ሳይት ካላችሁ ደግሞ ለአዘጋጁ ጻፉለትና ያውጣልን፤ መኪናውን እንዴት እንዳስማማችሁት፣ ጥበቃው ምን እንዳለ፣ ክረምት ላይ ጭቃውን ምን እንዳደረጋችሁትም ጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር
የሁለት ዓመት ልጅ እናት፣ ከአዲስ አበባ