ትንፋሼን ግኝት ብዬ

ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? «ከረምክ» ማለቱም ያሳፍራል፣ ስንት ዓመት ሆነን! የጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ሰበብ አልደረድርም። ሰሞኑን የሠራሁትን ጉድ ግን ካንተ ሌላ የምነግረው ሰው አጣሁ።

ኢንፍራሬድ መለኪያው ላይ፣ ማለትም ናሙና ከማይታየው ጨረር የትኛውን እንደሚውጥ የሚያሳየው መሣሪያ ላይ፣ የውሃ ናሙና አስቀምጬ ነበር። ስክሪኑ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰሉ ሹል መስመሮች ብቅ አሉ። አዲስ ነገር አገኘሁ ብዬ ዘለልኩ። ለካ ክዳኑን ከፍቼ ጎንበስ ስል ከትንፋሼ ጋር የወጣው የውሃ ተን ነው! አየሩን በደረቅ ናይትሮጂን ማስወጣቱን ረስቼዋለሁ።

«ውሃ ውሃ ነው፣ ምኑ ይጠናል?» ትለኝ የነበረው ያኔ ትዝ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የውሃ ሞለኪውል ሁለት የሃይድሮጂን ክንዶች አሉት። 3 ማይክሮሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ጨረር ሲያገኛቸው ጉልበቱን ውጠው ይርገበገባሉ። ተን ውስጥ ያለው ሞለኪውል ያዥ ስለሌለው እንደልቡ ይሽከረከራል፤ መስመሮቹም ለየብቻ ይቆማሉ። ፈሳሹ ውስጥ ግን ጎረቤት በሃይድሮጂን ትስስር ይዞታል። አንዱን ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ አድርጎ። ስለዚህ መስመር ሳይሆን አንድ ሰፊ ጉብታ ታያለህ።

የኔ ናሙና ከሁለቱም ይለያል። ዘይት ውስጥ ሳሙና መሰል ነገርና ጥቂት ውሃ ስትጨምር ሳሙናው ውሃውን እየከበበ ደቃቅ ኳሶች ይሠራል። ስፋቷ 2 ናኖሜትር የሆነች ኳስ ስንት ሞለኪውል እንደምትይዝ ቁጭ ብዬ አሰላሁ። 140 ገደማ ነው፣ በቃ። ከግማሽ በላዩ ደግሞ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ ነው። ግድግዳ እንደ ጎረቤት ውሃ አጥብቆ አይዝም። መያዣው ሲላላ የሞለኪውሉ የራሱ ክንድ ይጠነክራል፤ ግራ ያጋባል፣ አውቃለሁ። ጉብታውም ወደ አጭሩ ሞገድ፣ ወደ ተኑ ጎን ፈቀቅ ይላል።

እኔን የገረመኝ ግን የዋጠው ጉልበት ነው። ተራ ውሃ ከአንድ ፒኮሰከንድ፣ ማለትም ከሰከንድ ትሪሊዮንኛ፣ ባነሰ ጊዜ ለጎረቤቱ ያቀብለዋል። ግድግዳው ጋ ያለው ማን ይቀበለው? እሱ ዘንድ ቆየት ይላል።

ስልክህ ያው የድሮው ከሆነ እሑድ እደውላለሁ። ካላነሳህ ተቀይመሃል ማለት ነው፤ ሌላ ደብዳቤ ጠብቅ።

ያንተው